እጀታውን የተካው ድሪል

ፀጉር ሠሪዋ ድሪሉን የጠላችው ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ነው። ለምን ጠላሽው ብትባል ግን መልስ አልነበራትም፤ የጨነቃትም ይኸው ነው። የጠሉትን ነገር ምክንያቱን ካላወቁት ከራስ ጋር እንኳ ተጣልቶ መታረቅ አይቻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ግን ካፒቴን ይለዋል። ገና ጎልማሳ ሳለ አንዲት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቶ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ቀኑ ጀልባዋን ሲፍቅ፣ ሲቀባ፣ ሲደፍን ነው የሚያልቀው። የቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አይሰማም፤ ጀልባዋ ውስጥ አንዲት ጠብታ ከገባች ግን ከእንቅልፉ ይነቃል። እንዲህ ያለ ባል ያላት ሴት ታውቀዋለች።

በየዓመቱ ንፋሱ ሲስተካከል ባልና ሚስት ከወደቡ ተነሥተው ከባሕሩ ማዶ ወዳሉት ደሴቶች ይሄዳሉ። እሷ ፀጉር ቤቷን ዘግታ፣ ደንበኞቿን አስኮርፋ ነው የምትሄደው። ጀልባዋ ላይ ሥራቸው የተከፋፈለ ነው። ካፒቴኑ መሪውን ይይዛል፣ እሷ ዊንቹን።

ዊንች ማለት ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ የተተከለ የብረት ከበሮ ነው። የሸራው ገመድ ይጠመጠምበታል፤ አናቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ረዥም እጀታ ይሰካል፤ እጀታውን ሲያዞሩት ገመዱ ይሳባል፣ ሸራውም ይወጠራል። ሸራው ቀላል ሲሆን እጀታውን ወደ ፊት ማዞር ነው፣ ገመዱ ቶሎ ቶሎ ይሰበሰባል። ሲከብድ ደግሞ ወደ ኋላ ያዞሩታል። ታዲያ እጀታው ወደ ኋላ ዞረ ብሎ ከበሮው ወደ ኋላ አይዞርም። ያው ወደ ፊት ነው፣ ብቻ ዝግ ብሎ በጉልበት ይስባል። ገመዱን ማላላት የፈለገ ሰው እጀታውን ትቶ ገመዱን ከከበሮው ላይ በእጁ መፍታት አለበት። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ሁሉ በቃል አስረጂ ብትባል አፏ ይያዝ ይሆናል እንጂ ከሃያ ዓመት በላይ ያዞሩት እጆቿ ተኝተውም አይስቱትም።

ስታዞር ደግሞ ዝም ብላ አይደለም። በየዙሩ አንድ የባሏን ዘመድ ትረግማለች። ከአማቷ ትጀምርና በአክስቶቹ በኩል አድርጋ፣ ሸራው ተወጥሮ ሲያልቅ የሩቅ የአጎት ልጆች ጋ ትደርሳለች። ካፒቴኑ ከኋላዋ መሪውን እንደ ያዘ፣ "ታላቅ ወንድሜን ዘለልሽው" ይላታል።

"አልዘለልኩትም፣ ለመመለሻ አስቀምጬው ነው!"

ሲመለሱ ትከሻዋን እያሸች፣ "ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ በሬ ፈልግ፣ እኔ አልመጣም" ትላለች። በየዓመቱ ትላለች፣ በየዓመቱ ትሄዳለች። ካፒቴኑም በየዓመቱ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

ዘንድሮ ግን የልጃቸው ባል ካርቶን ታቅፎ መጣ። አማቻቸው የወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚገጥም አናጢ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ቤታቸው በመጣ ቁጥር አንድ የተወላገደ በር ሳያቃና አይሄድም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ከፈተና ብሎን የሚያጠብቅበትን ዓይነት ባለ ባትሪ ድሪል አወጣ። ከጎኑ ድሪሉ አፍ ላይ የሚገጠም፣ ጫፉ ኮከብ የሚመስል አጭር ወፍራም ፑንታ ነበር።

"ይቺ ልክ የዊንቹ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች" አለ። "ከእንግዲህ እጀታ ቀረ፣ እማዬ። መጫን ብቻ ነው። አባዬ ናቸው አምጣ ያሉኝ።"

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ባሏ ዞረች። ካፒቴኑ ዳቦ እየቆረጠ ነበር። ቀና ሳይል፣ "ዘንድሮ አንቺ እረፊ። እኔና ድሪሉ እንሄዳለን" አላት።

"ጥሩ ነው" አለች።

ከዚያ እጇን ልትታጠብ እንደምትሄድ ሆና መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ መስታወቱ ፊት ቆመች። "ደስ ሊልሽ ይገባል እኮ" አለች ለራሷ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ግን ደስ ያላት አትመስልም። ሥራዋ ፊት ማየት ነው፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጠች ሴት አዲሱን ቁርጥ እየጠላች "ያምራል" ስትል ወዲያው ታውቃለች። የራሷን ፊት ግን ልታነበው አልቻለችም። ፊቷን ታጥባ ወጣች።

በማግስቱ ፀጉር ቤት ወሬው ከእሷ ቀድሞ ነው የደረሰው። አንዷ ደንበኛ ገና ከመቀመጧ፣ "ተገላገልሽ በይኛ! ድሪል ገዛ አሉ! የኔው ሰውዬ እንኳን ድሪል ሊገዛ አምፖል አይቀይርም" አለቻት።

"አዎ፣ ተገላገልኩ" አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የሴትዮዋንም የግንባር ፀጉር ከሚገባው በላይ አሳጠረችው። ሴትዮዋ መስታወቱን አየችና "ያምራል" አለች።

ቀኑን ሙሉ ነገሩን አገላበጠችው። ብቻውን መሆን ፈልጎ ይሆን? ሰልችታው ይሆን? እርግማኑ ሰልችቶት ይሆን? ሌላ ሴት ኖራው እንደ ሆነስ ብላም አሰበች፤ ግን ሌላ ሴት ብትኖርማ ድሪል ምን ያደርግለታል፣ እሷ ታዞርለት የለ! በዚህ ሳቀች። ሳቋ አላባራ ሲላት ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚህ በኋላ ነው እውነቱን ለራሷ የነገረችው። መሄድ ትፈልጋለች። ያንን ዊንች እየረገመች፣ ትከሻዋ እየተቆረጠ፣ ደሴቶቹ ከሩቅ ብቅ ሲሉ ማየት ትፈልጋለች። ይህን ለባሏ እንዴት ብላ ትንገረው? ሃያ ዓመት አልመጣም ስትል ኖራ፣ ደግሞስ ሰውየው እረፊ ብሏታል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል። ፀጉር ሠሪዋ ኩሩ ሴት ናት፤ ኩራቷም እንደ ትከሻዋ የሚያማት ስታዞረው ነው።

ካፒቴኑ ድሪሉን ሊሞክር ከወደቡ አፍ ትንሽ ወጣ ብሎ እንደሚመለስ ሲናገር ግን አላስቻላትም።

"እኔም እመጣለሁ" አለች።

"ለምን? እረፊ ብዬሽ የለ?"

"ይሄ ነገር አንድ ነገር ቢያደርግህ ማን ይሰማል? ልይልህ ብዬ ነው።"

ካፒቴኑ አያት፣ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው። እሷ የዘጋው መምጣቷ ስላልተመቸው ነው ብላ አሰበች። በመንገድ ላይ ሁለቱም ስለ አየሩ ብቻ ነው ያወሩት።

አማቻቸው ወደ ሥራው ሲያልፍ ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ድሪሉን ለካፒቴኑ እያሳየ ለእሷም አስረዳት፣ እንደ ሁልጊዜው በትሕትና። "በሁለት እጅዎ ይያዙት፣ ጉልበት አለው፣ እጅ ይጠመዝዛል። ይቺ ቁልፍ እዚህ ጋ ስትሆን ያጠብቃል። ወደዚህ ሲገፏት ደግሞ ይፈታል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።"

"ያጠብቃል፣ ይፈታል" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

"ጎበዝ እማዬ!" ብሏት ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ልጁ የተናገረው ለብሎን ከሆነ ልክ ነው። የእሱ ዓለም ብሎን ነው፤ ብሎን ደግሞ ወደ አንዱ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይላላል። ዊንች በሕይወቱ አዙሮ አያውቅም፣ ማንም አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም።

ከወደቡ ወጡ። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ፣ መሪውን በጉልበቱ ደገፈ፣ ድሪሉን ዊንቹ አናት ላይ ሰካና ጫነው። ጥርርርር! ሸራው ተግተልትሎ ወጥቶ ተነፋ። ፀጉር ሠሪዋ አማቷን እንኳ ረግማ ሳትጨርስ አለቀ።

"አየሽ?" አለ ካፒቴኑ። ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል፣ ልጅ ነው የሚመስለው። "አየሽ? አየሽ?"

"አየሁ።"

የተቀመጠችው በቦታዋ ነው፣ ዊንቹ አጠገብ። እጆቿን ግን የምታደርግበት አጣች። መጀመሪያ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ቀጥላ ኪሷ ከተተቻቸው፣ ከኪሷም አወጣቻቸው። ፀሐዩ ጥሩ ነው፣ ንፋሱ ለስላሳ ነው፣ ትከሻዋን ምንም አላመማትም። ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው ቀን ይህ ነው። ታዲያ ምን ጎደላት? ግራ ገባት። በባሏ ተናደደች፣ በአማቿ ተናደደች፣ ወዲያው ደግሞ ምን በደሉኝ ብላ በራሷ ተናደደች።

"ስጠኝ እስቲ እኔም ልሞክረው" አለች።

"ትከሻሽስ?"

"ድሪሉ አይደል እንዴ የሚሠራው? ወይስ እሱም ትከሻ አለው?"

ካፒቴኑ ሰጣት። ፀጉር ሠሪዋ ድሪሉን የያዘችው እንደ ፀጉር ማድረቂያዋ ነበር፣ ክርኗን ከፍ አድርጋ፣ የእጇን አንጓ ሰበር አድርጋ። ሰካችው፣ ጫነችው፣ ገመዱ ተሳበ፣ ሸራው ጥብቅ አለ፣ ጀልባዋም ፈጠነች። ደስ አላት። በእርግጥ ደስ አላት፣ ይህ ደግሞ ይባስ ግራ አጋባት። የጠላችው ነገር ደስ ሲላት ምን ልትባል ነው?

በዚህ መሐል ንፋሱ ተለወጠ። ከወደቡ ግንብ ጀርባ የነበረው ንፋስ ሁሉ በአንድ ጊዜ የመጣባቸው ይመስል ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። የሻይ ፔርሙዙ ተንከባለለ።

"ልቀቂው!" አለ ካፒቴኑ መሪውን በሁለት እጁ ታቅፎ። "ሸራውን ልቀቂው!"

ፀጉር ሠሪዋ አልደነገጠችም። ያቺን ቁልፍ ወደ ሌላው ጎን ገፋቻት፣ ይፈታል ወደተባለበት፣ ድሪሉንም ጫነችው።

ዊንቹ ድምፁን ቀየረ። ጥርርር ማለቱን ትቶ ዝግ ያለ ወፍራም ጉርምርምታ አሰማ። ገመዱ በመላላት ፈንታ ጠበቀ። ጀልባዋ የበለጠ ተኛች፣ ውሃው ጠርዟን መላስ ጀመረ።

"ልቀቂው እያልኩሽ ነው!"

"እየለቀቅኩት ነው!"

"እየሳብሽው ነው!"

"እየለቀቅኩት ነው አልኩህ!" አለችና አጥብቃ ጫነችው። ቁልፏን አየች፣ ልክ ናት። ወደ ኋላ ነው፣ ይፈታል። ዓይኗ የሚያየውና ጀልባዋ የምታደርገው አልገጥም አላት። ያልተፈታላት በደንብ ስላልጫነችው መስሏት ደግማ ጫነችው። ሸራው መሐል ለመሐል፣ በድሮ ስፌቱ ላይ፣ እንደ አሮጌ አንሶላ ተተረተረ። በዚያው ቅጽበት ድሪሉ ገመዱ አልሄድ ሲለው እጇ ውስጥ ዞረና አንጓዋን ጠምዝዞ ከእጇ ወጣ፣ የጀልባዋም ወለል ላይ ተንኳኳ።

ካፒቴኑ መሪውን ትቶ ዘለለ። ገመዱን በእጁ ከከበሮው ላይ ፈታው፣ ገመዱም እየፎጨ ሄደ። ጀልባዋ ቀና አለች፣ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አዞረች፣ የተቀደደውም ሸራ ከላያቸው ይንተፋተፍ ጀመር። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ያለከልካሉ።

"እጅሽን አሳይኝ" አለ መጀመሪያ።

"ደህና ነው።"

"አሳይኝ አልኩሽ።" አንጓዋን ያዘ፣ አገላበጠው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አንቀሳቀሳቸው። አልተሰበረም። ካፒቴኑ ግን እጇን አልለቀቀም። "ለምንድን ነው ወደ ኋላ ያደረግሽው?"

"እንዲላላ ብዬ።"

"አንቺ? ዊንቹን ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል! ወደ ኋላ ሲዞር በጉልበት እንደሚስብ አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታውቂው?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"አላውቅም!" አለች፣ ከዚያም እንባዋ መጣ። "አላውቅም አልኩህ! እጀታው በእጄ ሲሆን ነው የማውቀው። ይሄን ነገር ስይዝ ሁሉም ከራሴ ወጣ። በቃ፣ አልሆንኩም። ወደብ ላይ ጣለኝና ከድሪልህ ጋር ሂድ። እሱ አይረግምህም፣ ትከሻዬን አይልህም።"

"ማነው የጣለሽ?"

"አንቺ እረፊ አላልከኝም?"

"አንቺስ ጥሩ ነው አላልሽም?"

"ምን እንድል ነበር የፈለግከው?"

ካፒቴኑ አሰበ። "እንድትሰድቢኝ" አለ። "ተቆጥተሽ ያለ እኔ ወዴት ነው የምትሄደው እንድትዪኝ ጠብቄ ነበር። ጥሩ ነው ብለሽ ሄድሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንደማስብ አላውቅም። ሰልችቷት ኖሯል፣ ሳልሰማት ኖሬ ነው እያልኩ ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። እሱም ግራ ገብቶት መክረሙ አልመጣላትም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዳቦ እየበሉ፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ሲጨነቁ ሰንብተዋል።

"ታዲያ ድሪሉን ለምን አስመጣኸው?"

"አምና ስንመለስ ዞር ብለሽ ክኒን ዋጥሽ። ያላየሁ መስሎሽ ነበር። መሪ የያዘ ሰው የሚያየው የፊት ለፊቱን አይደል፣ ፊት ለፊቴ ደግሞ ያንቺ ጀርባ ነው ያለው። በእያንዳንዱ ዙር ትከሻሽ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አያለሁ። ይሄን ሁሉ ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ።"

"ጀልባ ካለ ዊንች አለ፣ አንተ ምን አመጣህ?"

ካፒቴኑ እጇን ለቀቀና ወደ ሸራው ቀና አለ። የሚናገረው ነገር እንደ ከበደው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ይህን ፊት ማንበብ አያቅታትም።

"የመጀመሪያውን ዓመት ታስታውሻለሽ? ዊንቹን እኔ ነበርኩ የማዞረው። በአንድ እጄ። ጉልበት ነበረኛ። አንቺ እዚህች ጥግ ተቀምጠሽ ታዛጊ ነበር። ስንመለስ ምን አልሽ? እኔ እዚህ ጀልባ ላይ ዕቃ ነኝ፣ ሻንጣ ነኝ፣ ሁለተኛ አልመጣም አልሽ። ያን ጊዜ የምርሽን ነበር። በጣም ፈራሁ። ሥራ ቢኖራት ትመጣለች፣ እኔ ካለሷ መሄድ አልችልም ካልኳት ትመጣለች ብዬ አሰብኩ። በሚቀጥለው ዓመት ክንዴ ወለም አለኝ አልኩሽ።"

"ወለም ብሎህ ነበር እኮ!"

"አላለኝም።"

ፀጉር ሠሪዋ ክንዱን አየችው። "ቅባት ቀብቼ አሽቼዋለሁ" አለች። "ስንት ሌሊት ያሸሁት ክንድ ነው! በጨርቅ ጠቅልዬልሃለሁ!"

"ጠቅልለሽልኛል።"

"ለዚህ ነው ትከሻዬን የጨረስኩት? ደህና ክንድ ይዘህ? ዘመዶችህን በከንቱ አይደለም ለካ የረገምኩት፣ አንተን ነበር መርገም የነበረብኝ!" ልትመታው እጇን አነሣች፣ የተጠመዘዘው አንጓዋ አመማትና መልሳ አወረደችው። ሳቅ መጣባት። የተናደደችው እውነት ነው፣ የሚያስቃትም እውነት ነው፣ ከሁለቱ በታች ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ነበር፣ ስም ልትሰጠው ያልቻለችው፣ ሞቅ ያለ። አንድ ጎልማሳ የአውቶቡስ ሹፌር ሚስቱ እንዳትቀርበት ፈርቶ ደህና ክንዱን በጨርቅ አስጠቅልሎ ሲያቃስት ታያት።

"አሁን ግን ዕድሜው መጣና ውሸቱ እውነት ሆነ" አለ ካፒቴኑ። "እውነትም ማዞር አልችልም። አንቺም አትችይም። ድሪሉ መጣ። ከዚያ ሥራ ከሌላት ምን ብዬ ነው የምጠራት አልኩ። ለምን ልምጣ ብትይኝ የምመልሰው የለኝም። ስለዚህ ቀድሜሽ እረፊ አልኩሽ።"

ሸራው ከላያቸው መንተፋተፉን አልተወም። ጀልባዋ ማንም ሳይመራት ቀስ እያለች ወደ ጎን ትንሸራተታለች። ፀጉር ሠሪዋ እጆቿን አየቻቸው። ምንም አልያዙም። ደንበኛ የሚጠራት ለፀጉሩ ነው፣ ልጇ የምትጠራት ሕፃኗን እንድትይዝላት ነው፣ ጎረቤት የሚጠራት ምክር ሲቸግረው ነው። ለእነሱም ሳይጠሯት ደርሳላቸው ታውቃለች። እንዲያው በባዶ እጇ ጠርቷት የሚያውቅ ሰው ግን ትዝ አላላትም፣ ለነገሩ እሷም ቢሆን ማንንም እንደዚያ ጠርታ አታውቅም።

"እስቲ ጥራኝ" አለች።

"ምን?"

"ደሴቶቹ ጋ ጥራኝ። ክንዴን አመመኝ ሳትል ጥራኝ።"

ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ መጀመሪያ መሪውን፣ ቀጥሎ የራሱን ጉልበት አየ። ሽበቱ በንፋሱ ቆሟል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢቆረጥ ኖሮ እንዲህ አይቆምም ነበር ብላ አሰበች።

"ደሴቶቹ ጋ..." አለ። "ከእኔ ጋር ትመጫለሽ?"

"ለምን?" አለች፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

"ለምንም።"

ፀጉር ሠሪዋ እሺ አለች። ድምጿን ግን የሸራው መንተፋተፍ ዋጠውና፣ ካፒቴኑ ስላልሰማ ደግሞ ጠየቃት።